በረዶ አገር ለቅሶ መድረስ

እናንተዬ፣ ለማታውቁት ሰው ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሻለሁ። ያውም በረዶ አገር።

ልጄ ምሕረት በሦስት ዓመቷ ያረፈች ጊዜ፣ ሰቆጣ ያለው ቤታችን ለሳምንታት ሰው አልተለየውም። ይገባሉ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ልጄ እንደገና የምትሞት ይመስለኝ ጀመር። ሥራዬ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ፣ ሲተርፈኝ ሥዕል መሣል ነው። ብሩሽ መያዝም አቃተኝ።

ቀደም ብዬ ላመለከትኩት የሰዓሊ ግብዣ መልስ የመጣው ያኔ ነው። በምድር ጫፍ፣ ክረምቱን ፀሐይ የማትወጣበት ትንሽ ከተማ አለ። ሰዓሊ ይጋብዛሉ፤ ለአንድ ወር ቤት ይሰጣሉ። ደብዳቤው «ማንም አይረብሽህም» ይላል። ለዚህችው ስል ሄድኩ። አጎቴ ቄሱ «ከበረዶ ምን ሊገኝ? ይልቅ ቆላ አበርገሌ ወርደህ አትሞቅም!» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ ዘውዲቱ ግን «ሂድ፤ ሰዉን እኔ እቀበላለሁ» አለች።

እውነትም ማንም አልረበሸኝም። ሳምንት ሙሉ! ወረቀቱ ነጭ፣ ደጁ ነጭ። ምን ይሣላል?

ከፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። መስኮታቸው ላይ ሻማ በርቷል፤ እሳቸው ጥቁር ለብሰው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በቃ፣ ሰው ሞቶባቸዋል አልኩ። አንድም የደረሳቸው የለም! ባቄላ ቀቀልኩና ንፍሮዬን ይዤ ሄድኩ። ከፈቱልኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ቋንቋ አያግባባንም፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ወሬ ምን ያደርጋል? ንፍሮውን በሹካ አንድ በአንድ እየወጉ በሉ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ።

በአራተኛው ቀን ቤቱን የሰጠኝ ሰውዬ ይህን ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። በጨለማው ወራት እዚያ ሁሉም መስኮቱ ላይ ሻማ ያበራል አለኝ። የሞተ የለም! ይቅርታ ጠይቅልኝ ብዬ ላክሁት። ሲመለስ አይስቅም። ሴትዮዋ «እኔ እኮ እሱ ሰው ሞቶበት መስሎኝ ነው ያስገባሁት» ብለዋል።

እዚያ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በማግስቱ አሮጊቷ ዳቦ ይዘው መጡ። አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ ልክ እንደኔ። ምሕረትን ከነተንጨባረረው ጸጉሯ የሣልኳት እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነው።

ለዘውዲቱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ አገር ያቋረጥከው ለቅሶ ልትቀመጥ ነው? እዚህ እኮ አጠገቤ ቦታ ነበር።»