ለቅሶ ቤት ቀለም የቆጠርሁ ዕለት

ግጥም የሚያስተምር ሰው ለቅሶ ቤት እንዳይገባ በሕግ መከልከል አለበት! «ምነው?» ካላችሁኝ... ራሴን ለምስክርነት አቀርባለሁ።

እኔ ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ግጥም እየፈታሁ እንጀራ የምበላ መምህር ነኝ። ስንኙ ቤት መታ ወይ? የቃላቱ ድምፅ፣ ቀለሙ፣ በጣት ሲቆጠር ስንት ነው? አርኬው የት ላይ ያልቃል? ሥራዬ ይኸው ነው። ችግሩ፣ ከሥራ ስወጣ ሥራው አብሮኝ ይወጣል። የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ሳነብ እንኳ አውራ ጣቴ ይቆጥራል!

ባለፈው ሰሞን የሚስቴ የብርቄ አጎት፣ አያ ታከለ፣ ጠዳ ላይ አረፉ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ እጄን ይዛ፣ «አደራህን፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሰው አልቅስ» አለችኝ።

«ምን ነካሽ!» ብዬ ተቆጣሁ። ከልቤ ነበር፤ ሰውየውን እወዳቸው ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። አልቃሿ ተነሣች፦

«በሬው ቆሞ ቀረ ቀንበሩን ተሸክሞ፣
ጌታው ተኛ አሉኝ እርሻውን አቁሞ።»

ድንኳኑ በእንባ ታጠበ። እኔስ? አውራ ጣቴ ከነጠላዬ ሥር ሥራ ጀምሯል... ስድስት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። ጥርት ያለ ወል ቤት! አልጎደለ፣ አልተረፈ! «ሞ» ከ«ሞ» ጋር ሲገጥም አፌ ሳያማክረኝ፣

«ይበል!» ብዬ ጮኽሁ። አዎ፣ ቅኔ እንደ ሰማ ደብተራ... ከነጭብጨባው!

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጡት የሟች ታላቅ ወንድም ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ደስ አለህ?»

«ግጥሙ ሸጋ ሆኖብኝ ነው፣ አያ...»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ብርቄን ቀና ብዬ ማየት አልደፈርሁም።

በሚኒባስ ስንመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። አዘዞ ስንደርስ ፈነዳች፦

«ላጎቴ ሲለቀስ አንተ ግጥም ለካህ! እኔ ስሞት ደግሞ ትዘፍናለህ ለካ!»

አፈርሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ልለምናት እጄን ስዘረጋ ግን ሁለታችንም እኩል አየነው... አውራ ጣቴ ጣቶቼ ላይ ይራመዳል።

«ቆጠርኸኝ?»

«ልኩ ሙሉ ነው፣ ብርቄ» አልኋት፣ የማስደስታት መስሎኝ። «ቤት አመታቱ ላይ ብቻ ትንሽ...»

«ወራጅ አለ!» አለች ለረዳቱ። ወራጁ እኔ ነበርሁ።

ከአዘዞ እስከ ማራኪ በእግር ስንት እርምጃ ነው ትሉኝ እንደሆነ... እሱን እንኳ አልቆጠርሁም።