ለሻይ ያነደድኩት በሶብላ

«ልጄ ዘር የምታበቅል ልጅ አገኘሁ ሲለኝ፣ ክብሪት የምትጭር መሆኗን ደብቆኝ ነው።»

ይሄን ዛሬ ጠዋት ፊት ለፊቴ ቆመው የነገሩኝ እትዬ አንጓች ናቸው። የእጮኛዬ የይበልጣል እናት። አማቴ የሚሆኑት። ወይም ሊሆኑ የነበሩት። እንጃ!

ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እንደምታውቁት በዚህ ፔጅ ላይ የዘር ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ቢቸና ባለችው ክፍሌ መስኮት ላይ፣ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ የጌጥ አበባ አበቅላለሁ። እናንተም ኮመንት ላይ «ማስተር» ትሉኛላችሁ።

ማስተር!

ይበልጣልም «እማዬ ጓሮዋን ከእኔ አስበልጣ ነው የምትወደው፤ አንቺን ካየች ሽማግሌ ለመላክ አታመነታም» አለኝ።

እናም ትናንት ችግኞቼን በካርቶን ታቅፌ ሞጣ ሄድኩ። የመኪናው ረዳት «ስንት ወሩ ነው?» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድብኝ።

እትዬ አንጓች ቲማቲሙን ዳበስ አደረጉና «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። አክስቴ ቤት አድሬ ዛሬ በማለዳ ተመልሼ ሄድኩ።

እሳቸው ቅዳሴ ሄደዋል። ይበልጣል በር ከፍቶልኝ ተመልሶ ተኛ። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልችልም፤ ታውቁኛላችሁ። ሲመለሱ ሻይ ይጠብቃቸው ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ከሰሉ አልያዝ አለኝ። ጭራሮ ፍለጋ ቀና ስል፣ ከጣራው ሥር ቁልቁል የተንጠለጠለ የደረቀ እስር አየሁ። ጥላሸት የጠጣ፣ አንድ አረንጓዴ ቅጠል የሌለው።

«እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው፣ ጭራሮ እንኳን አስረው ያስቀምጣሉ!» አልኩና ገመዱን በጥሼ ማገድኩት።

ቦግ!

ከዚያ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ምንድነው እንዲህ የሚያውደው?

በሶብላ። ለዘር የተሰቀለ በሶብላ!

በባዶ እጄ ልጎትተው ሞከርኩ። ጣቶቼን ተቃጠልኩ እንጂ ያተረፍኩት ነገር የለም።

እስቲ አሁን ሳቁ። ዘር ከየት እንደሚመጣ የማታውቅ የዘር ባለሙያ! የኔ ዘር ሁሉ ከሱቅ ነው፣ በእሽግ። አንድም ተክል ደርቆ ዘር እስኪይዝ ጠብቄ አላውቅም። ትንሽ ካረጀ ለቪዲዮ አያምርም ብዬ እነቅለዋለሁ። እናንተንም «የደረቀ ነገር ግቢ ውስጥ አታቆዩ» ብያችኋለሁ። ሼር ያደረጋችሁትን ይቅር በሉኝ።

ይበልጣል ከእንቅልፉ ነቅቶ «ምን ዓይነት ወጥ ነው እንዲህ የሚሸተው?» እያለ ብቅ አለ።

ወጥ!

እናቱ ግን ነገሩ ገና ከአጥሩ በር ላይ ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን ሳያወርዱ ገቡ። ጣራውን አዩ። እሳቱን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ነው ያንን የክብሪቱን ነገር የተናገሩት።

በአነጋገራቸው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«የእህቴ በሶብላ ነበር» አሉ። «ከደብረ ወርቅ ያመጣሁት። እሷም ሞተች፣ ጓሮዋም ቤት ተሠራበት። ዘንድሮ የኔን ዝናብ አበስብሶብኝ የተረፈኝ ያ እስር ብቻ ነው። ለሠርጋችሁ በርበሬ ልዘራው ነበር።»

ለሠርጋችን።

ተንበርክኬ፣ እስሩ ከተሰቀለበት ቦታ ሥር ያለውን ወለል በመዳፌ ጠረግኩ። አቧራ፣ ጥላሸት፣ በመሃሉ ደቃቅ ጥቁር ጥቁር ነገር።

«እትዬ፣ ይሄ ዘር አይደለም?»

ጠጋ ብለው አዩት። «ገሚሱ ከሰል ነው» አሉ።

«ሽማግሌውስ፣ እማዬ?» አለ ይበልጣል።

«ሽማግሌው ይቆያል። ይቺን አቧራ ትውሰድና ትዝራት። ይብቀል፣ ያብብ፣ ዘሩ እላዩ ላይ ይድረቅ። ዘሩን ይዛ ስትመጣ እንነጋገራለን።»

«ካልበቀለስ እትዬ?»

እትዬ አንጓች አመዱን መጥረግ ጀመሩ።

አቧራዬን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይበልጣል ሊሸኘኝ ሲነሳ «አንተ ተቀመጥ፣ መንገዱን ታውቀዋለች» አሉት። ብቻዬን መነኻሪያ ሄጄ የቢቸና መኪና ላይ ተሳፈርኩ።