የገዛኸኝ ሮቦት ወጣች?

ሰው አንዴ መምህር ከሆነ «አላውቅም» የማለት መብቱን ተነጠቀ ማለት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሐኪም ማዘዣ ያስነብበኛል፣ ስለ ቆጣሪ ብልሽት ያማክረኛል፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ይጠይቀኛል። የመጨረሻው እንኳ ትንሽ ይቀርበኛል። ለሌላው ግንባሬን ቋጠር አድርጌ «እሱማ እንግዲህ...» እላለሁ፤ ከ«እንግዲህ» በኋላ ያለውን ጠያቂው ራሱ ይሞላዋል። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ስለማይጠፋ ታውቁኛላችሁ።

እንዲህ ተከብሬ ስኖር ነው ጎረቤቴ ገዛኸኝ ሮቦት የዋጠው።

ግቢያችን አቃቂ በሰቃ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የምንጋራ ስድስት አባወራዎች ነን። ገዛኸኝ ከኛ ብዙም በማይርቅ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የክሬን ኦፕሬተር ነው። ክሬኑ መንጠቆ የለውም፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ትልቅ ክብ ማግኔት ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ቁርጥራጩን ብረት ሁሉ ግጥም አድርጎ ያነሳል፣ ሲያጠፋው ይለቀዋል። ገዛኸኝ ደግሞ የሚለቀው ከላይ ነው። ጓ! ጠዋት የመጀመሪያው ጓ ሲሰማ ሚስቱ አስካለ «ሥራ ጀመረ» ትላለች፣ ባለሱቁ ከድር ሱቁን ይከፍታል፣ እኔም ሰዓቴን አስተካክላለሁ።

ታዲያ ይህ ሰው ሆዱን ያመው ጀመር። ከሳ፣ ጠቆረ። በጉሮሮ የሚገባውን ቱቦ ሞክረውለት ትውከቱ አላስገባ አለ። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ለሙከራ የመጣ አዲስ መሣሪያ አለ ተባለ፤ አስካለም ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ እርስዎ አብረውት ካልሄዱ ማን ያስረዳናል?» አለችኝ። ግንባሬን ቋጠር አድርጌ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችን። ሮቦት ናት፤ ውስጧ ካሜራ፣ መብራትና ማግኔት አለ፤ ገዛኸኝ ይውጣታል፣ ከውጭ ባለ ሌላ ማግኔት ሆዱ ውስጥ እየተመራች ትዞራለች።

«ኦፕሬተሩ ማን ነው?» አለ ገዛኸኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ሠራሽበት?»

«ገና አዲስ ነኝ፣ አባባ» አለች። መዋሸት የማትችል ልጅ ናት።

«እኛ ጋ አዲስ ኦፕሬተር ሰው ባለበት ጭነት አያሳልፍም።»

«እዚህ ደግሞ ሰው የሌለበት ቦታ የለም» አለችው። ገዛኸኝ ትንሽ አሰበና ዋጣት።

እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ሐምራዊ ተራራ፣ ሐምራዊ ሸለቆ፣ የሚያንጸባርቅ ኩሬ። ዕድሜዬን በሙሉ ካርታ ያነበብኩ ሰው ሰሜኑ የት እንደሆነ ጠፋኝ። ሮቦቷ ድንገት ተስፈንጥራ ግድግዳ ስትነካ ገዛኸኝ ዓይኑን ጨፍኖ «ቀስ በይ፣ ልጄ» ይላል፤ ጣቶቹ አልጋው ላይ የሌለ የክሬን ማንሻ ይነካካሉ። ልጅቷም ቀስ አለች። ክፉው በሽታ አይደለም፣ የጨጓራ ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል አለችን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ስንወጣ ግን እንዲህ አለች፤ «ሮቦቷ በራሷ ጊዜ ትወጣለች፤ ስትወጣ አይተው ያሳውቁን። እስከዚያ ኃይለኛ ማግኔት አጠገብ እንዳይደርሱ።»

ገዛኸኝና እኔ ተያየን።

ፋብሪካው ነገሩን ሲሰማ ሮቦቷ መውጣቷን የሚገልጽ ወረቀት ካላመጣህ ክሬን ላይ አትወጣም አለው፤ እስከ ሰኞ ካልመጣ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ከክሬን ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። «አይተው ያሳውቁን» ያለችው ልጅ ደግሞ የኛን ሽንት ቤት አታውቀውም። ጥልቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ የስድስት ቤተሰብ ነው። ማን ምን ያያል?

ሰፈሩ ግን መጠየቁን አላቆመም። በሌላ ጊዜ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት የሚያፍሩ የተከበሩ ሰዎች ከሩቅ «ወጣች?» ይላሉ። የሚጠይቁት ደግሞ እሱን ሳይሆን እኔን ነው። የእሱን ሆድ እኔ በምን ልወቅ?

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የማስተምርበት አሮጌ ኮምፓስ ቤት ውስጥ አለ። ማግኔት ሆዱ ውስጥ ካለ መርፌዋ ትዞራለች። ገዛኸኝን ግቢው መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ግቢው ሁሉ ከበበን። ኮምፓሱን ሆዱ ጋ አስጠጋሁ። መርፌዋ ድንገት ዞረች።

«አለች!» አለች አስካለ፣ አማተበች።

ለማረጋገጥ ዞር ስል መርፌዋ የከድርን ሆድ አሳየች። «ወላሂ መምህር፣ እኔ ምንም አልዋጥኩም!» አለ ከድር ወደ ኋላ እያለ። ኪሱ ውስጥ የሱቁ ቁልፎች ታጭቀዋል። ወደ ቧንቧው ሄድኩ፣ ቧንቧውን አሳየች። ወደ በሩ፣ በሩን። ግቢያችን ከላይ እስከ ታች ብረትና ቆርቆሮ ነው፤ ገዛኸኝ የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌዋ ወደ ሰሜን ትዞራለች ብዬ ያስተማርኳችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ይቅር በሉኝ።

«ምን ይላል፣ መምህር?» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

«እሱማ እንግዲህ...»

ገዛኸኝ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ፈርቷል። «ሁለት ቀን ነው የቀረኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እውነቱን ንገረኝ፣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ።

ግን ምንም አልተደረመሰም። ከድር «ታዲያ ለምን ዶክተሯ ጋ አንደውልም?» አለ፤ የሐኪሟ ስልክ ሳምንቱን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደወልኩ። «ራጅ ይነሱ፤ እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?» አለችኝ። በዚያው ቀን ተነሣ፤ ሆዱ ውስጥ ምንም የለም። ቀድማ ወጥታለች። ወረቀቱም ተጻፈ። በሰፈራችን ካለው መሣሪያ ሁሉ የረቀቀው አሁን የጋራ ሽንት ቤታችን ውስጥ ነው ያለው።

ሰኞ ገዛኸኝ በጠዋት ወጣ። ጓ የሚለውን ጠበቅን። የለም። ከድር ሱቁን አርፍዶ ከፈተ፤ አስካለ አሥር ጊዜ ወደ በሩ ተመላለሰች፤ እኔም ወንበሩን ሰጥተውበት ይሆናል ብዬ ምሳ አልበላ አለኝ። ወደ ማታ ልብሱ አቧራ ለብሶ መጣ።

«ከለከሉህ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ስሠራ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ድምፁስ?»

ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰና ጣሳውን ቧንቧው ሥር አስቀመጠ። «መሬት ድረስ አውርጄ ነው የምለቀው» አለ። «ያቺ ልጅ ቀስ ባትልልኝ ኖሮስ እያልኩ...»

«ብረት እኮ ነው፣ ገዛኸኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቴን የማስተካክልበት ድምፅ የለኝም። ሰው ስንት ሰዓት ነው ሲለኝ፣ አላውቅም እላለሁ።