ራዲያተሩን ተልባ ያጠጣሁ ሰሞን

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ አለቀስኩ ወዳጆቼ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቱታ የለበሱ መካኒኮች ፊት፣ ይሄን የማህል ሽበታም ሰውዬ!

መካኒኩ ምንም ክፉ አልተናገረኝም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ዋተር ፓምፑ ነው የሚያንጠባጥበው፤ ይቀየራል» አለኝ። በቃ፣ ያለው ይሄንኑ ነው።

እኔ ግን ዋተር ፓምፕ ሲባል አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ለእናንተ ትዝታ የሚመጣላችሁ በዘፈንና በሽቶ ነው። ለእኔ በመኪና ዕቃ ይመጣል። ሰው እንደ ዕድሉ ነው።

መካኒኩ «ጋሼ፣ አመመዎት?» ብሎ በርጩማ አመጣልኝ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነው ይሄን ፖስት የምጽፈው። ልናገረውና ይውጣልኝ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ሰቆጣ ሞባይል ሳይገባ። አባቴ የማርና የእህል ነጋዴ ነበር። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፣ ሹፌሯ ደግሞ እኔ። በገበያ ቀን አምደወርቅ እሄዳለሁ፣ ጭኜ እመለሳለሁ።

አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲስተር ፋንታዬ የምትባል ነርስ ነበረች። የቡሬ ልጅ ናት፤ ተመድባ ነው እኛ አገር ዋግ የመጣችው። መድኃኒት ልትረከብ ሰቆጣ ስትወርድ ከእኔ ጋር ጋቢና ትቀመጣለች። ቀልድ ስትጀምር ቀልዱ ሳያልቅ ራሷ ትስቃለች፤ መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም። መጨረሻውን ማን ፈልጎት!

አንድ ቀን መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ማርሽ ብቀይር ክንዴ ይንቀሳቀሳል፣ ትነቃለች። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ነዳሁት። ሞተሩ እየጮኸ፣ ከኋላችን የመጣ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ፣ እኔ እንደ ሐውልት ቀጥ ብዬ። አባቴ ማታ ነዳጁን አይቶ «ይቺ መኪና ታማለች» አለ። የታመመው ሌላ ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ታዲያ አንድም ቀን «እወድሻለሁ» አላልኳትም። አፌ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ስለ መንገዱ አቧራ አወራለሁ።

ሁዳዴ እንደገባ ዝውውሯ መጣ። የነገረችኝ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነው።

«ሐሙስ ሰቆጣ እወርዳለሁ። ዓርብ ጠዋት በአውቶብስ ወደ አገሬ።»

«እኔ ነኝ የማወርድሽ» አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት መጣብኝና «መንገድ ላይ የምነግርሽም ነገር አለ» ብዬ ጨመርኩ።

«አሁን አትነግረኝም?»

«መንገድ ላይ ይሻላል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «እሺ፣ ሐሙስ ጠዋት እጠብቅሃለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሐሙስ ብቻ ነው የኖርኩት። አዲስ ጫማ ገዛሁ። ነጭ ሸሚዝ አስተኮስኩ። የምናገረውን ለመኪናዋ መስታወት ተናገርኩ፤ መስታወቱ ፊት እንዴት ያለ አፍ እንደነበረኝ ብታዩ!

ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ፒክአፗ ሥር ውሃ ተኝቷል።

በከተማው የነበረው መካኒክ ለሐዘን ፃግብጂ ሄዷል። እኔ ደግሞ ሹፌር ስለሆንኩ መካኒክ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሳልነካ፣ ሳልመረምር፣ ቆሜ «ራዲያተሩ ነው» ብዬ ፈረድኩ።

ሹፌሮች ሲያወሩ የሰማሁት አንድ መድኃኒት ነበር። የራዲያተር ቀዳዳ በእንቁላል ይደፈናል፤ ሙቅ ውሃው ውስጥ ስትሰብረው ይበስልና ቀዳዳውን ይወትፈዋል ይላሉ። እናቴን እንቁላል ጠየቅኋት።

«በሁዳዴ? በኔ ቤት?» አለች። «እንቁላል በሁዳዴ በዚህ ቤት አይሰበርም። ለመኪናም ቢሆን።»

«እማዬ፣ መኪናው እኮ አይጾምም።»

«አንተ ትጾማለህ። እጅህ ይሸታል።»

ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ስለሌለ እኔም አልተከራከርኩም። ግን ሐሙስ እየመጣ ነው። የጾም የሆነ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚጣበቅ ነገር ምን አለ ብዬ ጓዳውን ስቃኝ ዓይኔ ተልባ ላይ አረፈ። የተቆላ፣ የተወቀጠ፣ ለጾሙ የተዘጋጀ ተልባ!

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብዬ ራሴን አደነቅኩ። ተልባውን በጥብጬ ራዲያተሩን እስኪጠግብ አጠጣሁትና ሞተሩን አስነሳሁ።

ትንሽ ቆይቶ መኪናው መንተክተክ ጀመረ። ከዚያ ተልባው የራዲያተሩን ክዳን ገፍቶ ወጣ። አረፋው በኮፈኑ ላይ ወረደ፣ በመብራቶቹ ላይ ወረደ፣ ሽታው ሰፈሩን ሞላው። የትኩስ ተልባ ሽታ፣ በሁዳዴ፣ ገና በጠዋቱ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በማይቀምስበት ሰዓት።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«እናንተ ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

ይሄ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። «በጠዋት የሚበላው ማነው?» ማለት ነው።

እናቴ «መኪናው ነው!» አለች። እትዬ ጥሩ «እ» አሉ፤ እንዲህ ያለ «እ» ከሰማችሁ ሰፈር መልቀቅ ነው ያለባችሁ። ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። እናቴ እጃቸውን ይዛ ወስዳ ራዲያተሩን አሳየቻቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ አልሳቁም፤ ግን ጺማቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

እናቴ ለወር ያህል አላናገረችኝም ብል ማጋነን ይሆናል። ተናግራኛለች፤ ብትተወኝ ይሻል ነበር።

በዚያ ሁሉ መሃል ውሃው መፍሰሱን አላቆመም። ያኔ ነው ማሰብ የጀመርኩት፣ ከውርደት በኋላ። ሞተሩን በጨርቅ አደረቅኩና ከምድጃ የተነፋ አመድ በእፍኜ አምጥቼ በተንኩበት። አመዱ የረጠበበትን ቦታ ያሳያል። ጠብቄ ሳይ መስመሩ ከራዲያተሩ አይደለም የመጣው፤ ከፓምፑ ሥር፣ ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ፓምፑ ላይ የታሰረውን የማቀዝቀዣ ፋን ይዤ ስነቀንቀው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዘ። ራዲያተሩ ምንም አልነበረውም። ጤነኛውን ነው ያከምኩት።

ከቴሌ ወልድያ ላለ ያጎቴ ልጅ ደወልኩ። ፓምፑን በአውቶብስ ሹፌር ላከልኝ፤ ረቡዕ ማታ እጄ ገባ። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ኮፈን ሥር ነበርኩ።

ፋኑን ፈታሁ፣ የሚያዞረውን ቺንጋ አወጣሁ። አንዱ ቡሎን ዝጎ አልፈታ አለኝ፤ ላምባ አፍስሼበት እየለመንኩት ተቀመጥኩ። ሲፈታ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ፓምፑና ሞተሩ መካከል የሚገባው ጋስኬት ደግሞ አብሮ አልተላከም። የአዲሱን ጫማዬን ካርቶን በመቀስ ቀድጄ፣ ግራሶ ቀብቼ ሠራሁት። አባቴ ከጎኔ ቆሞ «ቀስ ብለህ» ይላል። ቀስ የምልበት ጊዜ አልነበረኝም።

የቀረው ተልባውን ማጠብ ነው። እናቴን ውሃ ለመንኳት። የሰቆጣን ውሃ በበጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ጀሪካን አቀበለችኝና «ሌላውን ከእትዬ ጥሩ ለምን» አለች።

በአንድ ጀሪካን ያጠብኩትን አጥቤ፣ ነጩን ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። ቀኑ ተጋምሷል።

አሁን ስሙኝማ፣ ፓምፑ ጠብታ አላንጠባጠበም። በየመታጠፊያው እየወረድኩ ከሥር አያለሁ። ደረቅ! እንደገና እሳፈራለሁ፣ ትንሽ ሄጄ እንደገና ወርጄ አያለሁ። የምትጠብቀኝ ሴት አለች፣ እኔ ግን መኪና ሥር ተጋድሜ ራሴን አደንቃለሁ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። ቆምኩ። ለካ የቀረው ተልባ ራዲያተሩ ውስጥ ተጋግሮ ውሃውን አላሳልፍ ብሏል። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት፤ ያ ሁሉ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲጠብቀኝ የከረመ ተልባ ሸሚዜ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ አዲሱ ጫማዬ ላይ ወጣ።

በዚህ ሰዓት ነው ከላይ ኩርባውን ዞሮ አንድ የጭነት አይሱዙ የመጣው።

ላዩ ላይ ሰው፣ ጆንያና ፍየል ሞልቷል። ጋቢናው ውስጥ ፋንታዬ አለች።

መኪናውን አስቆመችው። ለመንገድ የያዘችውን ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወረደች፣ ራዲያተሩ ላይ ቀስ እያለች ውሃ ታፈስ ጀመር። ቆየችና አየሩን አሸተተች።

«ተልባ ተልባ ይሸታል» አለች።

«ሁዳዴ ስለሆነ ነው» አልኩ።

እንዴት እንደሳቀች! ያን ሳቅ አሁንም እዚህ ጋራዥ ውስጥ ይሰማኛል።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጠዋት ጠበቅኩህ። ቀትር ድረስ ጠበቅኩህ» አለችኝ። «መንገድ ላይ የምነግርሽ ነገር አለ ብለኸኝ ነበር። ይኸው፣ መንገድ ላይ ነን።»

አይሱዙው ላይ ያለው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። ፍየሎቹ ሳይቀሩ ወደ እኔ የሚያዩ መሰለኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አንስቶ ተወው። ያን ሁሉ ወራት የናፈቅኋት ሴት፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካት ቦታ ላይ ቆማ ዓይኔን ታያለች። አፌን ከፈትኩ።

«ፓምፑን ራሴ ነኝ የቀየርኩት» አልኩ።

ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ያልኩት ይሄንን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ያለ መስሏት ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። በነጠላዋ ጫፍ ቅንድቤ ላይ ያለውን ተልባ ጠረገችልኝና «ጎበዝ» አለች። ጀሪካኑን እዚያው ትታልኝ ወጣች፣ አይሱዙውም ቁልቁል ሄደ።

ለምን አልተከተልኳትም ትሉኝ ይሆናል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ፒክአፕ አያዞርም። ለሰው የምነግረው ምክንያት ይሄ ነው። እውነቱ ግን ፈራሁ። ስለዚህ አምደወርቅ ድረስ ወጣሁ፤ እዚያ ደርሼ ደግሞ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ፣ ተከራይታ ወደነበረችበት ቤት ሄድኩ።

አከራይዋ እማማ ለምለም በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ባለመኪናው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ። እንዴት ዋሉ?»

«ሄዳለች እኮ።»

«መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ።»

ፊታቸው በራ። «አገኘኻት? እሰይ። ክፍሉን እንግዲህ ለሰው አልሰጥም።»

«ለምን እማማ?»

«እስከ ነገ ለሰው እንዳትሰጪብኝ ብላኝ ነው የሄደች። አልጋዋም ይኸው እንዳለ ነው። መንገድ ላይ የሚነግረኝ ነገር አለ፣ የማስበው ከሆነ ዝውውሩን ትቼ እመለሳለሁ አለች።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ምን አልኻት ልጄ?»

ነገርኳቸው።

እማማ ለምለም ሸሚዜን አዩ፣ ጫማዬን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ውስጥ እየገቡ «እንግዲያ ነገ ተከራይ ልፈልግ» አሉ።

ምንጭ ወርጄ ራዲያተሩን ሳጥብ መሸ። በማግስቱ ሰቆጣ ስደርስ አውቶብሱ ወጥቷል፤ ሰው የቆመበት አቧራ ላይ የጎማው ዱካ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ቡሬን ባለፍኩ ቁጥር፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ፍጥነት እቀንሳለሁ፤ አሁንም እቀንሳለሁ።

ፓምፑ ግን፣ አባቴ ያቺን መኪና እስኪሸጣት ድረስ አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም። አሁን ማነው ከእናንተ መሃል ጎበዝ አይደለህም የሚለኝ?