እትዬ ፈንታነሽና የክኒኑ ህልም

ህልም የማያይ ሰው ያለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ህልም ፈቺ የሌለበት ሰፈር ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከሞጣም እስከ ዓለም ዳርቻ ቢፈለግ አይገኝም። ዳኛ የሌለው ወረዳ አይቻለሁ። ሐኪም የሌለው አውራጃም አለ። ህልም ፈቺ ግን መንግሥት ሳይሾመው፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት በየአጥሩ ጥግ ሥራው ላይ ነው። እናንተም ሰፈር አንዷ አለች። ጠዋት ፊታችሁን ሳትታጠቡ «ምን አየህ?» የምትላችሁ እሷ ናት።

የእኛይቱ ክብርት እትዬ ፈንታነሽ ይባላሉ። ሞጣ፣ ከእኔ ቤት አጥር ወዲያ፣ ጌሾ ይነግዳሉ። ጌሾው መተዳደሪያቸው ነው እንጂ ሥራቸው አይደለም። ሥራቸው የሞጣና የአካባቢዋ የህልም ጉዳይ እንደራሴነት ነው።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይላል ያገሬ ሰው። ሌላው ይህን እንደ ተረት ይናገረዋል፤ እሳቸው ግን እንደ ሕግ ይዘውታል። በሳቸው ሕግ ህልም የሚደርሰው መጀመሪያ በፈታው ሰው አፍ ነው። ደግ ያየ ሰው መንገድ ላይ አፈ ክፉ አግኝቶ ቢነግረው ደጉ ይበላሽበታል፤ ክፉ ያየውም አፈ ደግ ከቀደመለት ይተርፋል። ስለዚህ ዋናው ነገር መቅደም ነው። እትዬ ፈንታነሽ ለመቅደም ሲሉ ጎሕ ሳይቀድ ይነሡና ማን ከየት ቤት ምን ፊት ይዞ እንደሚወጣ ይጠብቃሉ።

ባለ ህልሙ አፉን ሳይከፍት «ለደግ ነው። እስኪ ንገረኝ» ይላሉ። ፍርዱ ከክሱ ይቀድማል ማለት ነው።

የወረዳው ጸሐፊ አቶ ወልደ ኪዳን ጫማው ጠፍቶት በባዶ እግሩ ሲሄድ አየ። «ለደግ ነው፤ ከፍ ልትል ነው» አሉት። በሦስተኛው ወር ወደ ቆላ አዛወሩት። ዕቃውን ጭኖ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ሊወቅሳቸው ደጃቸው ቢመጣ ቀና ብለው አዩትና «ታዲያ ከፍ አላልህም?» ብለው ሸኙት።

ወይዘሮ ማናለሽ ደግሞ ጥርሷ ሲወልቅ አየች። ጥርስ ዘመድ መሆኑን፣ መውለቁም ሞት መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ሴትዮዋ ጥቁሯን ልትለብስ ምንም አልቀራትም። እትዬ ፈንታነሽ ግን እንደ መርማሪ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ጠየቋት። የመንጋጋው ነበር። «እሱማ ሲጠዘጥዝሽ የኖረው ነው። የሚያስቸግርሽ ዘመድ ሊለቅሽ ነው» አሏት። በዚያው ሳምንት ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግድነት የተቀመጠው የባሏ ወንድም ተነሥቶ ወደ ሉማሜ ሄደ። የእትዬ ፈንታነሽን ዝና ሉማሜ ያደረሰው እሱ ራሱ ነው፤ የሚያስቸግረው ዘመድ እሱ መሆኑ ግን አልገባውም።

እኔ እንግዲህ የተማርሁ ሰው ነኝ። ከቢቸና ተዛውሬ ሞጣ ሳይንስ የማስተምር፣ ሰው ህልም የሚያየው እራት ሲበዛበት ነው እያልሁ ለአራተኛ ክፍል የማስረዳ መምህር። ጠዋት ሲጠይቁኝ «ምንም አላየሁም» ብዬ አልፋቸዋለሁ። እሳቸውም «አይ ድህነት» እያሉ ያዝኑልኛል።

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ሳል ያዘኝ። ብርድ ነው አልሁ። ኅዳር ላይ በመሐረቤ ደም አየሁ። ደብረ ማርቆስ ሄጄ በራጅ ስታይ የሳምባ ነቀርሳ ነው አሉኝ። ታላቅ ወንድሜ አለበል በዚሁ በሽታ ቢቸና፣ ዓይኔ እያየ ነው ያለቀው። ለእሱ መድኃኒቱ አልደረሰለትም፤ ለእኔ ደረሰልኝ። ሁለት ወር መርፌ ተወጋሁና ሥራ መግባት ትችላለህ ተባልሁ። ከዚያ በኋላ የሞጣው ጤና ጣቢያ ድሬሰር አቶ አካለ ወልድ ነጫጭ ክኒኖች በብልቃጥ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ዓመት ከመንፈቅ። «ካቋረጥህ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያን ጊዜ እኔ ዘንድ ብትመጣም የምሰጥህ የለኝም» አለኝ። ድሬሰሩ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነውና አመንሁት።

በሽታዬን ግን ለሰው አልተናገርሁም። ነቀርሳ አለበት ከተባለ ሰው ጋር ዋንጫ የሚጋራ የለም።

ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ የቢቸና ቄስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስከ ማታ ነው የሚጾሙት፣ እኔም እንደሳቸው። በጾም ጠዋት ውኃ አንሥቼ ክኒን ስውጥ ብታይ መጀመሪያ ጾም ፈታ እባላለሁ፤ ቀጥሎ ለምን ፈታ ይባላል፤ ከዚያ ጉዴ ይወጣል። ስለዚህ ክኒኑን ወደ ማታ አዛወርሁት። እራቴን በልቼ፣ ክኒኔን ውጬ፣ እተኛለሁ። ይህን ያማከርሁት ሰው የለም። ቀኑ እስካልተዘለለ ድረስ ማታውና ጠዋቱ ምን ለየው ብዬ የፈረድሁት ራሴው ነኝ።

ህልሙ መጣ። መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳ ተነቅሎ በአራት እግሩ ሲያባርረኝ አደረ። ቀጥሎ ተማሪዎቼ ጉድጓድ እየቆፈሩ ቁመቴን በማስመሪያ ሲለኩ አየሁ፤ ልኬቱ ትክክል ስለነበር ሙሉ ማርክ ሰጠኋቸው። እናንተ ሳቁ፣ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም። የሰው ህልም ብዥ ያለ ነው። የእኔ ከቀኑ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ድምፅ አለው፣ ሽታ አለው፣ ከነቃሁ በኋላም ቶሎ አይለቀኝም። ላብ በላብ ሆኜ እየጮህሁ እነሣለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልጋዬን ማየት ያስጠላኛል። የተማሪዎቼን ስም እየጠራሁ እንቅልፍ ያዳፋኛል። እብደት የጀመረኝ መሰለኝና ከሳሉ ይልቅ ይኸኛው አስፈራኝ።

አጥራችን ስስ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እትዬ ፈንታነሽ ደጄ ላይ ቆመው ነበር። ምንም አላየሁም አልኋቸው። በሁለተኛው ቀን ምንም አላየሁም። በሦስተኛው ቀን «ምንም ያላየ ሰው እንዲህ ከጮኸ፣ ያየ ጊዜ ሞጣን ባዶ ሊያስቀራት ነው» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ተሸነፍሁ። በሩ ላይ ተቀምጬ፣ የሳይንሱ መምህር፣ ስለ ሰሌዳው ነገርኋቸው።

ለደግ ነው አሉ። ሰሌዳ ሲከተልህ ሥራህ አልለቅህም ብሎህ ነው፤ እንጀራህ አይቋረጥም። ጉድጓዱ ደግሞ የቤት መሠረት ነው፤ ቤት ትሠራለህ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሳልህን በአጥር ስሰማ ከርሜአለሁ። መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» አሉኝ። እወስዳለሁ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ በሽታዬ አላነሡብኝም፤ ለሰውም አላወሩብኝም። የሰፈሩን ህልም ሁሉ በሆዱ የያዘ ሰው ምሥጢር መያዝ እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ።

በጾሙ እኩሌታ ላይ አለበልን አየሁት። ከወንዝ ማዶ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። ፊቱ ሳይታመም እንደነበረው ነው። «ብዙ ደከምህ፤ ይብቃህ፤ ና» አለኝ። ድምፁ ናፍቆኝ ነበርና እግሬን ውኃው ውስጥ አስገባሁ።

ይህን የሚያህል ህልም መፍቻ አያሻውም። ሙት ጠርቶህ ከተከተልኸው ያለቀለት ነገር ነው። ለእትዬ ፈንታነሽ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ለደግ ነው» ማለቱን ዘለሉት። ጌሾ የሚለቅሙበት እጃቸው ቆመ። ከዚያ «እግርህን ካስገባህ በኋላስ?» አሉኝ።

«ነቃሁ።»

«የነቃ ሰው የት ይሻገራል? ተመልሰሃል ማለት ነው። ለደግ ነው።» ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

አላመንኋቸውም። ቤት ገብቼ አሰብሁ፤ ህልሙ የመጣው ክኒኑን ማታ ማታ ከወሰድሁ ወዲህ ነው። ክኒኑ ነው ሙታን የሚጠራብኝ። ብልቃጡን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። በዚያች ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም፣ በአራተኛውም ቀን። ፊቴ ጠራ፣ ምግብ ጣፈጠኝ፣ ክፍል ውስጥ ተጫወትሁ። ዳንሁ ብዬ ራሴን መረቅሁ።

በአምስተኛው ጠዋት እትዬ ፈንታነሽ ሳያንኳኩ ገቡ። እንዴት አደርህ እንኳ አላሉኝም።

«አራት ቀን አልጮህህም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለኝ።»

«አልተሻለህም። መድኃኒቱን ትተህ ነው። ጩኸትህ የመጣው ከሱ ጋር ነው፣ ሲሄድም ከሱ ጋር ነው የሚሄደው። ሣጥኑን ክፈት።»

የተማርሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያትና ውጤትን በሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ። ጌሾ ነጋዴዋ ግን ከህልሜ መቅረት ተነሥተው ቁልፉ ላይ ደረሱ። ልዋሽ ሞከርሁና ዓይናቸውን ሳይ ትቼው ሣጥኑን ከፈትሁ። ነጠላቸውን አጣፉና ብልቃጡን ይዘው ከፊቴ ቀደሙ። በገበያ ቀን፣ በገበያው መካከል፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ እንደተያዘ ሌባ ድሬሰሩ ዘንድ አደረሱኝ።

አቶ አካለ ወልድ ሰምቶ ሲጨርስ ይህ ክኒን አንዳንዱን ሰው ክፉ ህልም እንደሚያሳየው፣ በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ ደግሞ እንደሚብስ ነገረን። እብደት አይደለም፣ ጥሪም አይደለም አለ። አራቱን ቀን በደኅና ብታልፈው ዕድለኛ ነህ፣ ለመሆኑ ጠዋት ጠዋት አላልሁህም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጾሙ ነው አልሁት። እሱም አቀረቀረ። በጾም ጉዳይ ድሬሰር ምን ሥልጣን አለው።

እትዬ ፈንታነሽ ግን አላቀረቀሩም። «የሚጾም ሕያው ነው። የሬሳ ጾም የት አይተሃል?» አሉኝና ከዚያው በቀጥታ የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ወሰዱኝ። ሁሉንም ራሳቸው ተናገሩ፤ ኃጢአቴን ሌላ ሰው ሲናዘዝልኝ የዚያን ዕለት ነው ያየሁት። አባ ሰምተው ተቆጡ። ሕመምተኛ ጹም ያለህ ማነው አሉኝ፤ ጾምህ ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሌላ ሰው በመቶ ስግደት የሚያልፈውን እኔን እንዲህ ቀጡኝ፦ «ቀኖናህ ይህ ነው። መድኃኒትህ እስኪያልቅ በየጠዋቱ እሳቸው ፊት ትውጣለህ።»

እንደዚህ ሆኖ የህልም እንደራሴያችን የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን በእጃቸው አስገቡ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ እጃቸው ውኃ፣ በሌላው የተቆላ ስንዴ ይዘው መጡ። ክኒኑን እስክውጥ ህልሜን አልሰማም አሉ፤ ከዋጥሁም በኋላ አፌን አስከፍተው አዩ። እኔ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርሁ።

ክኒኑ ወደ ጠዋት ሲመለስ ህልሙ በአንድ ጊዜ ባይጠፋም ቀስ በቀስ ረገበ። ሰሌዳው እግሩን አጣ። አለበልም አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፤ ማዶ ቆሞ ዝም ብሎ አየኝና ሄደ። ሰኔ ሲገባ እንደ ማንኛውም ሰው ተኝቼ የምነሣ ሆንሁ።

እትዬ ፈንታነሽ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ክኒኑን ከዋጥሁ በኋላ ይቀመጡና «ለደግ ነው። እስኪ ንገረኝ» ይላሉ። ምንም የለም ማለት አቃተኝ። ከሞት ጎትተው ያወጡኝን ሴት ሥራ ላስፈታቸው? ስለዚህ መፍጠር ጀመርሁ። ክፉ ህልም መፍጠር ደግሞ ከማየት ይከብዳል። አንበሳውን፣ ገደሉን፣ ጎርፉን ጨረስሁ። የአራተኛ ክፍልን የድርሰት ደብተር ሳርም ደህና ነገር ካገኘሁ ለጠዋት አቆየዋለሁ። አንድ ጊዜ የቢቸና ገበያ በሙሉ በአንዲት እንቁራሪት ተገዝቶ ሲያልቅ አየሁ ብዬ ነገርኋቸው። ፊታቸው ሳይፈታ አዳምጠው፣ ዝናሙ ይበረክታል አሉ። እሳቸው በሄዱ ቁጥር የዋህነታቸው እያሳዘነኝ፣ እኔም ውለታ መመለሴ እየታወቀኝ ኩራት ቢጤ ይሰማኛል።

ዓመት ከመንፈቁ ሞላ። ደብረ ማርቆስ ሄጄ ታየሁ፤ ሳምባዬ ጠርቷል፣ መድኃኒቱም በቃህ ተባልሁ። አቶ አካለ ወልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ሞጣ እንደገባሁ ወደ ቤቴ ሳልሄድ እትዬ ፈንታነሽ ዘንድ ሄድሁ። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሡኝ። ያን ጊዜ ኅሊናዬ አላስችለኝ አለና ተናዘዝሁ። ካለፈው ዓመት ሰኔ ወዲህ የነገርኋቸው ህልም ሁሉ ውሸት እንደሆነ፣ አንዱንም እንዳላየሁት፣ ቅር እንዳይላቸው ብዬ እንደፈጠርሁት ነገርኋቸው።

ጌሾአቸውን መልቀም አላቋረጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ህልም ያየ ሰው እያሰበ አይናገርም። አንተ እንደ ድርሰት ነበር የምትናገረው።»

«ታዲያ ለምን ይፈቱልኝ ነበር?»

«ስታወራ ድምፅህን እሰማ ነበራ። መጀመሪያ ትንፋሽህ እያጠረህ መሐል ላይ ታርፍ ነበር፤ ኋላ እንቁራሪቷን ያወራኸኝ ቀን ሳታርፍ ጨረስኸው። እኔ ምን ቸገረኝ በእንቁራሪት፣ ሳምባህን ነበር የማዳምጠው።»

ያን ሁሉ ጊዜ የማዝንላቸው እኔ ነበርሁ። ያወቅሁትን ምስጋና ሁሉ ብደረድረው አይበቃም። አጠገባቸው ተቀምጬ ጌሾ ስለቅም ዋልሁ።

በማግስቱ ጠዋት የምውጠው ክኒን የለኝም፤ የምነግረው ህልምም የለኝም። ቢሆንም ፊቴን ታጥቤ፣ አጥሩን ዞሬ፣ ደጃቸው ላይ ቆምሁና እንዴት አደሩ አልኋቸው። ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ይኸው ዛሬ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ በየጠዋቱ በደኅና ማደሬን አሳይቻቸው ነው ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው።