ሰንደቅ የሚያብራሩት መምህር

በየወደቡ ሳይጠይቁት የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ክቡር መምህር ኩራሚትሱ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ጽሕፈት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ መላውን ሰፈር ተማሪ አደረጉት።

የኑድል ቤቴ በር ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ አይተው ዝም ብለው አያልፉም። እኔ ሾርባዬ እየገነፈለ ነው፤ እሳቸው ጣታቸውን ቀስረዋል።

"ልብ በል! ረጅሙ የሱቅ ሰንደቅ የራሱ ፊደል አለው፤ የቤተ መቅደሱም የራሱ። ዋናው ግን 'ሃታ'፣ ሰንደቅ ማለት የሆነው ፊደል ነው። አሳሳሉን እይ፦ እንጨት ላይ የሚውለበለብ ጨርቅ፣ ከሥሩ ሰፌድ። ጥንት ወታደር የሚሰበሰበው እሱ ሥር ነበር። ሰው የማይሰበሰብበት ጨርቅ ሰንደቅ አይደለም፤ የተሰጣ ልብስ ነው!"

ይቺን የመጨረሻዋን አባባል ድመቴ ሳትቀር በቃሏ ታውቃታለች። እኔማ ሲመጡ ካየሁ ጓዳ እገባለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ኢሶኮ የሟች ባሏን ጀልባ አሳድሳ ራሷ ልትነዳው ቀን ቆረጠች። በእኛ ዘንድ ጀልባ ባሕር ሲወርድ ዘመድ ወዳጅ የራሱ ስም የተጻፈበት ባለቀለም ሰንደቅ ይሰጣል። ሰንደቅ ያልተሰጠው ጀልባ ላይ አብሮ የሚወጣ አጥማጅ አይገኝም። ሽማግሌዎቹ "ሴት ካፒቴን? ገደ ቢስ ነው" ብለው አጉረመረሙ፤ ሌላውም እነሱን ፈርቶ እጁን ሰበሰበ። እኔም ከፈሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሳምንት ሲቀረው መምህር የቤቴ በር ላይ ድቅን አሉ። ጓዳዬ ለመግባት አልደረስኩም።

"ለኢሶኮ የምትሰጠው ሰንደቅ የታለ?"

"እሱማ... ሽማግሌዎቹ እኮ..."

"እንግዲያው ፊደሉን ከመነሻው ላስረዳህ" ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ኧረ መምህር፣ በእናትዎ! እሰጣለሁ!"

"ጨርቁን ግዛ፤ ብሩሹ የእኔ ነው። ስምህን በትልቁ ነው የምጽፈው።"

እንዲህ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሂሮሳቶ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ችሏቸው እጁን ሰጠ አሉ።

ቀኑ ደርሶ ጀልባዋ ስትወርድ አሥራ ሰባት ሰንደቅ ተውለበለበባት። ሁለት አጥማጆች ኢሶኮን ጠጋ ብለው፣ "እትዬ፣ ሰው ትፈልጊያለሽ?" አሏት።

"እንዴታ!" አለችና እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን አዞረች።

መምህር ከሰው ራቅ ብለው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀለም እንደሆነ፣ ሽቅብ ያያሉ። አንድ ቃል አይወጣቸውም። እንዲያ ዝም ብለው አይቻቸው ስለማላውቅ አንጀቴን በሉት። ማንም ሳያስገድደኝ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

"መምህር፣ ፊደሉ ላይ ከሥር ያለው ምን ነበር ያሉኝ?"

ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

"ሰፌድ ነዋ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?" ብለው ከመነሻው ጀመሩ።

ቤት ሾርባ ጥጄ ነበር። ይገንፍል ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።