ቅያሜ የጎደለው ማመልከቻ

ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን በአሰላ ከተማ የተከፈተበት ዓላማ ሰፊና የተከበረ ነው። መኪናው የተጋጨበትን ሰው ማጽናናት፣ ጉዳቱን መገመት፣ ካሣውን መክፈል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደጻድቅ በሚያስመሰግን ትጋት ይወጧቸዋል። በማጽናናት ረገድማ የሚስተካከላቸው የለም። ተጎጂው ገና በሩ ላይ ሲደርስ ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ፣ ነፍስ በመትረፏ ፈጣሪን ያመሰግናሉ። በዚህ ብቻ ረክተው ካሣቸውን ሳይጠይቁ የሄዱ ደንበኞች እንዳሉ በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ በኩራት ተጠቅሷል።

ወይዘሮ ዘሀራ ግን ሳይጠይቁ አልሄዱም። ከአሰላ ጢቾ የምትሠራ አንዲት ሚኒባስ አለቻቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ከእኛ ዘንድ የገቡላትም ለዚሁ ብለው ነበር። በክረምቱ አንድ ማለዳ ሚኒባሷ ከሳጉሬ ወጣ ብላ ተሳፋሪ ልታወርድ እንደቆመች፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብሎ ከኋላ ገጫት። ሰው አልተጎዳም። የኋላ በሯ ግን ተጨራምቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በውሉ መሠረት ነበር። ቀጥሎ ግን ሰዎቹ ይቅር የማይባል ስሕተት ሠሩ፤ ታረቁ።

የአይሱዙው ሾፌር ዋቅጅራ ከመኪናው ወርዶ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናገረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ኦቦ ጉቱን አስቀድመው መንገዱ ዳር ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ዘሀራን አስጠርተው አቤቱታቸውን ሰሙ፣ ዋቅጅራን አስነሥተው ይቅርታ አስጠየቁት። እሳቸውም ለአላህ ብለው ይቅር አሉት። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ የሚለካው ፍሬን እንጂ የሚገላግለው ጠብ አላገኘም።

አቶ ወልደጻድቅ ይህን ካሣ ሊጠይቁ ቢሯቸው ከመጡት ከወይዘሮ ዘሀራ አፍ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይቅር ብለውታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ።»

«በሙሉ ልብዎ?»

«በግማሽ ልብ ይቅር ይባላል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ እኔ ዞረው ይህ እንዲመዘገብ አዘዙ። ከዚያም ነገሩን በትዕግሥት አስረዱ። ድርጅቱ ለተጎጂ ከከፈለ በኋላ ዞሮ አጥፊውን ይጠይቃል። አጥፊው ይቅር ከተባለ ግን አጥፊ የለም፤ አጥፊ ከሌለ የሚጠየቅ የለም፤ የሚጠየቅ ከሌለ የሚከፈል የለም። ወይዘሮ ዘሀራ በአንድ ማለዳ ርኅራኄ የድርጅቱን መብት አሳልፈው ሰጥተዋል። መፍትሔ ግን አይጠፋም ብለው አጽናኗቸው። አሁንም ከዋቅጅራ ጋር መቀያየማቸው በተጨባጭ ከተረጋገጠ፣ ጉዳያቸው በአዎንታዊ መልኩ ሊታይ ይችላል።

ሚኒባሷ በዚህ ጊዜ ሰኢድ ጋራዥ ጓሮ ዝናብ እየወረደባት ነበር። ሰኢድ የእኛ ፈቃድ ካልደረሰው አንዲት ቡሎን አይፈታም። የስምሪት ማኅበሩም መኪናዋ እስከ መስከረም መንገድ ካልወጣች ተራዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ለወይዘሮ ዘሀራ ነግሯቸዋል። ተራው አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ እሳቸው መጣላት ግድ ሆነባቸው።

በማግሥቱ ዋቅጅራን ይዘውት መጡ። ዋቅጅራ ቅን ሰው በመሆኑ ለመሰደብ ፈቃደኛ ነበር፤ ለክብሩም ሲል ኮት ለብሶ መጥቷል። ሁለቱ በአቶ ወልደጻድቅ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

«በሉ ይስደቡኝ፣ አዴ ዘሀራ» አለ።

«አንተ...» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ፤ ትንሽ አሰቡ። «ዐይንህን የት ጥለህ ነው የምትነዳው?»

«ልክ ነዎት።»

«ልክ ነዎት አትበል እንጂ፣ መልስልኝ።»

«ምን ብዬ ልመልስ? ጭጋግ ነበር።»

«ጭጋጉማ ነበር» አሉ እሳቸው፤ ድምፃቸው ወዲያው ረገበ። «ለመሆኑ ፈናን ተሻላት?» ፈናን የዋቅጅራ ልጅ ናት፤ ስታስል ነበር የከረመችው።

አቶ ወልደጻድቅ ጠቡ በይዘትም ሆነ በአቀራረብ ክፍተት እንዳለበት ገመገሙ። ከዚህ የከፋውም ያን ጊዜ ወጣ። ዋቅጅራ በእርቁ መሠረት በየገበያው ቀን ለወይዘሮ ዘሀራ አንድ ኬሻ ድንች ሲያደርስ ኖሯል። አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ድንቹን የተቀበሉት በአደራ ነው ወይስ ለፍጆታ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዘሀራ ተቀቅሎ መበላቱን አመኑ። ጎረቤትም ቀምሷል። እንግዲያው በዓይነት የተፈጸመ ካሣ ሊሆን እንደሚችል፣ የተበላው ድንች ከተበላሸው በር ጋር ተነጻጽሮ እንዲጠና ትእዛዝ ወረደ። የኋላ በር ስንት ድንች እንደሚሆን የሚያሳይ ልምድ ግን በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ። ለሽማግሌዎቹ እርቁ እንዲፈርስ የሚጠይቅ ደብዳቤ በአክብሮት ተጻፈላቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቶ ወልደጻድቅ «ለፈጸማችሁት በጎ ተግባር እያመሰገንን በአስቸኳይ እንድትሰርዙት» የሚለው ላይ «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል እንዲሰመርበት አደረጉ።

ሽማግሌዎቹ መልስ አልጻፉም፤ ራሳቸው መጡ። የታረቀ ሰው መልሶ ማጣላት አባቶቻቸው ያላስተማሯቸው ሙያ መሆኑን ኦቦ ጉቱ በትሕትና ገለጹ። ነገር ግን እንደሚያዩት ጠቡ ያለው በወይዘሮ ዘሀራና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ነው፤ ይህን ማስታረቅ ይችላሉ።

አቶ ወልደጻድቅ በዚህ እጅግ ተደሰቱ። ድርጅታችን ከኅብረተሰቡ ጋር ያለውን ትስስር የሚያሳይ ቪዲዮ በገጻችን ላይ እንድንለጥፍ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲወተውት ከርሟል። ወንበሮች ወደ ግቢው ወጡ፣ ባነር ተሰቀለ፣ እኔ ስልክ ይዤ እንድቀርጽ ታዘዝኩ።

በልማዱ መሠረት ሁለቱም ወገኖች ሽማግሌ የሚለውን ሊፈጽሙ አስቀድመው ቃላቸውን ይሰጣሉ። አቶ ወልደጻድቅ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ወደ ስልኩ እያዩ፣ በራሳቸውና በድርጅቱ ስም ቃላቸውን ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰሙና ትንሽ ገለል ብለው ተመካከሩ። ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ሰላም ያወረዱ ሰዎችን ተጣሉ ማለት ጥፋት ስለሆነ አቶ ወልደጻድቅ ይቅርታ እንዲጠይቁ ወሰኑ።

አቶ ወልደጻድቅ ቅር አላላቸውም። እንዲያውም በዝግጅት ላይ የነበሩ ይመስል ተነሥተው ስለ ደንበኛ ክብር፣ ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስለ አርሲ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድርጅታችን አጥፍቷል፤ ይቅር ይበሉን» አሉ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዐይኗን ጠረገች።

«ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

«እንግዲህ ይቅር ተባብለናል» አሉ አቶ ወልደጻድቅ እጃቸውን እያሻሹ። «የቀረ ጥያቄ ስለሌለ ፋይሉ ይዘጋል።»

ኦቦ ጉቱ አልገባቸውም። አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ በኦሮምኛ አብራራላቸው። አሁንም አልገባቸውም።

«አንተ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይቅርታ የጠየቀማ ገና መካስ አለበት። ዋቅጅራ ድንቹን የሚሸከመው ለምን መሰለህ? ይቅር ስላልተባለ ነው እንዴ?»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ እኔ አዩ። እኔ አሁንም እየቀረጽኩ ነበር፤ አቁሚ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቃላቸውን ደግሞ ሽማግሌ ፊት ሰጥተዋል፤ አሰላ ውስጥ ይህን የሚያፈርስ ሰው ዳቦ የሚሸጥለት አያገኝም። ለጋራዡ የሚላከውን ፈቃድ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ባነሩ ሥር ፈረሙ። ቪዲዮውን እንደታዘዝኩት ሳልቆራርጥ ለጠፍኩት።

ሚኒባሷ ለመስከረም ደረሰች። የኋላ በሯ ከሌላው አካሏ በመጠኑ የነጣ ቢሆንም ይዘጋል፤ ተራዋም አልተነካም። ወይዘሮ ዘሀራ ከዚያ ወዲህ ቢሯችን በደረሱ ቁጥር አቶ ወልደጻድቅን እንደ ወንድም ነው የሚጠይቁት።

ችግሩ የመጣው ዋናው መሥሪያ ቤት ቪዲዮውን ስለወደደው ነው። ከወደደው በኋላ እስከ መጨረሻው አየው። የድርጅቱን ጥፋተኝነት ያለ ፈቃድ በአደባባይ ያመነ ኃላፊ ስለሚጠየቅበት ሁኔታ የሚያትት ጥብቅ ደብዳቤም ደረሰ።

አቶ ወልደጻድቅ ሁለት ቀን ምሳ አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጉቱን በመኪና አስመጧቸው፣ በራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር እንዲያስታርቋቸው ለመኗቸው።

ኦቦ ጉቱ በደስታ ተቀበሉ። ለእርቅ አዲስ አበባ ድረስም ቢሆን ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለጉ።

«እዚያ ይቅር ብያለሁ የሚለው ሰው ማነው?»

አቶ ወልደጻድቅ ብዙ አሰቡ። በስም የሚያውቋቸውን አለቆች አንድ በአንድ በልባቸው ሲያስሱ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ኮሚቴ አለ» አሉ በመጨረሻ።

ኦቦ ጉቱ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ለጠና ሕመምተኛ የሚሰጠውን ምርቃት መርቀዋቸው ወጡ።